የሙያ ማስረጃ መርማሪ ሥራ በጨፋ ሸለቆ

በንግድ ሥራ የኖረ ሰው ወረቀት ምን ያህል ክብደት እንዳለው አይስተውም። ከጅቡቲ ወደብ የተነሣ ዕቃ ሚሌንና ባቲን አልፎ ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ የጭነት ሰነዱ፣ የዕቃው ዝርዝርና የጉምሩክ ወረቀቱ እርስ በርሳቸው ካልተስማሙ ከመጋዘን አይወጣም፤ ባንክም በሌተር ኦፍ ክሬዲት ገንዘብ የሚከፍለው ዕቃውን ዐይቶ ሳይሆን ሰነዱን መርምሮ ነው። ይሁን እንጂ ያው ጠንቃቃ ነጋዴ ልጁ ታሞበት ወደ ሐኪም ቤት የሄደ ዕለት፣ መርፌውን የያዘው ሰው ከየት ትምህርት ቤት እንደ ወጣ፣ ፈቃዱም የጸና ይሁን ያለፈበት ሳይጠይቅ የልጁን ክንድ ይሰጣል። ለአንድ ኩንታል ማሾ የሚጠነቀቅ ሰው ለገዛ ልጁ ሳይጠነቀቅ ቀርቶ አይደለም፤ በእርሱ ፈንታ ያን ወረቀት አስቀድሞ የመረመረ ሌላ ሰው አለ ብሎ ስለሚያምን ነው። ይህም እምነት ልክ የሚሆነው ያ ሌላ ሰው በእውነት ያለና ሥራውንም በእውነት የሠራ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች በሚገኙ ታላላቅ ሆስፒታሎች ይህን ተግባር ብቻ ይዞ የሚውል ሠራተኛ አለ፤ በአማርኛ የሙያ ማስረጃ አስተባባሪ ሊባል ይችላል። በኢትዮጵያ ግን ሥራው በአንድ ሰው እጅ ተጠቅልሎ አይገኝም። ከፊሉን የሆስፒታሉ የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል፣ ከፊሉን የዞኑ ጤና መምሪያ፣ ከፊሉንም የክልሉ ጤና ቢሮና የጤና ሚኒስቴር ይሠሩታል። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይለያይ እንጂ ተግባሩ አንድ ነው፤ ይኸውም የሰው ሕይወት የሚረከበውን ባለሙያ ማስረጃ ከምንጩ ድረስ ሄዶ ማረጋገጥ ነው። ይህ ሥራ ከአስመጪው፣ ከጅምላ ነጋዴውና ከባለሱቁ ጋር ምን ያህል የተሳሰረ እንደ ሆነ በጨፋ ሸለቆ ምሳሌነት መመልከት ይጠቅማል።

ሸለቆውና ገበያተኛው

የጨፋ ሸለቆ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በከሚሴ ከተማ ዙሪያ የተዘረጋ ለምለም ሜዳ ነው። የቦርከና ወንዝ ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ ኮምቦልቻን ካለፈ በኋላ በዚህ ሜዳ ላይ ተንጣሎ ረግረግ ይሠራና ወደ አዋሽ ያመራል። ከሚሴ በአማራ ክልል ውስጥ ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ስትሆን፣ ደዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋ፣ ደዌ ሐረዋና ባቲ በዚሁ ዞን የሚገኙ ወረዳዎች ናቸው። የባቲ የሰኞ ገበያ ዝናው ከአገር አልፎ የተሰማ ነው፤ ሰንበቴም እንደ ስሟ በእሑድ ትገበያለች። በነዚህ ገበያዎች ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አርጎባውና አማራው ከብት፣ እህል፣ ጨርቅና ጨው ይለዋወጣሉ።

በበጋ ወራት የቆላው ሣር በደረቀ ጊዜ አርብቶ አደሩ ከብቱን እየነዳ ወደ ጨፋ ውሃና ሣር ይወጣል። በ1994 ዓ.ም. ዝናብ በጠፋበት ጊዜ፣ በኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የአስቸኳይ ጊዜ ክፍል ያወጣው ዘገባ ሸለቆው 50,000 ያህል አርብቶ አደሮችና 200,000 እንስሳት የተጠለሉበት ስፍራ መሆኑን አስታውቆ ነበር። ይህ ሁሉ ሕዝብ ከእንስሳቱ ጋር በአንድ ረግረግ ዳር በሰፈረ ጊዜ የወባው፣ የተቅማጡና የሳሉ ነገር የሚታወቅ ነው። ስለዚህም በሸለቆው ውስጥ ያለ ክሊኒክና መድኃኒት ቤት በገበያ ቀንና በበጋ ወራት ሥራው እጅግ ይበዛል።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባዋል። በከተማ የሚኖር ደንበኛ የተበላሸ ዕቃ የተሸጠለት እንደ ሆነ በማግሥቱ ተመልሶ ይከራከራል፤ ባለሱቁም ስሙ እንዳይጠፋ ይክሳል ወይም ይለውጣል። ገበያው ራሱን በራሱ ያርማል ማለት ነው። ከአፋር ቆላ መጥቶ የታመመ ልጁን ያሳከመ አርብቶ አደር ግን ከሳምንታት በኋላ ከብቱን ነድቶ ሄዷል። የተሰጠው መድኃኒት ስሕተት ቢሆን፣ የወጋውም ሰው ያልተማረ ቢሆን፣ ክሱን የሚሰማው የለም፤ ምናልባትም የልጁ ሕመም ከምን እንደ ባሰ እርሱ ራሱ አያውቅም። በግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የምስክር ወረቀት ቢያየውም ማኅተሙን እንጂ ጽሑፉን ማንበብ ላይችል ይችላል። ስለዚህ ገበያው ሊያርመው በማይችለው ስፍራ ሁሉ አስቀድሞ የሚመረምር ሰው የግድ ያስፈልጋል።

ሥራው በአራት ጥያቄ

አንድ ባለሙያ ለመቀጠር ወይም ክሊኒክ ለመክፈት ባመለከተ ጊዜ የሚቀርበው መዝገብ ብዙ ወረቀት ያለበት ነው። የዲግሪው ወይም የዲፕሎማው ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ውጤቱ ዝርዝር፣ የብቃት ምዘና ወይም የፈቃድ ፈተና ውጤት፣ የሙያ ሥራ ፈቃዱ፣ ከቀድሞው መሥሪያ ቤት የተሰጠው የሥራ ልምድና የመልቀቂያ ደብዳቤ፣ መታወቂያውና ፎቶግራፉ በአንድ አቃፊ ይጠረዛሉ። ያላወቀ ሰው ሥራው ወረቀት ቈጥሮ መጠረዝ ይመስለዋል። አዋቂው መርማሪ ግን በዚህ ሁሉ ወረቀት ላይ አራት ጥያቄ ያነሣል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ወረቀቱ እውነተኛ ነው ወይ የሚል ነው። ዛሬ የማተሚያና የኮምፒውተር ጥበብ በረቀቀበት ዘመን ማኅተምን በዐይን ዐይቶ መፍረድ ከንቱ ነው። «ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» እንደሚባለው፣ ስለ ተማሪው ሊመሰክር የሚችለው ያስተማረው ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህም መርማሪው ወረቀቱን ለሰጠው ኮሌጅ ሬጅስትራር በቀጥታ ይጽፋል። በዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛው፣ ደብዳቤውም ሆነ መልሱ በአመልካቹ እጅ አይላክም፤ በእጁ የተላከ እንደ ሆነ የሚመረመረው ሰው ራሱ የምርመራው መልእክተኛ ሆነ ማለት ነውና። ሁለተኛው፣ የኮሌጁ አድራሻና የስልክ ቁጥር ከቀረበው ወረቀት ላይ አይቀዳም፤ ከሌላ ከታመነ ስፍራ ይገኛል። ሐሰተኛ ወረቀት የሠራ ሰው ሐሰተኛ ስልክ ለማተም አይሳነውም።

ሁለተኛው ጥያቄ የወረቀቱ ባለቤት ይህ ሰው ነው ወይ የሚል ነው። በከሚሴና በአካባቢዋ ይህ ጥያቄ ከሌላው አገር ይልቅ ይከብዳል። በዞኑ ትምህርት ቤቶች አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ የክልሉ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ ይጽፋሉ፤ የኮሌጆች ምስክር ወረቀት ደግሞ እንግሊዝኛ አለበት። አንዱ ጸሓፊ መሐመድ ያለውን ሌላው ሙሐመድ፣ ሦስተኛው ሞሐመድ ይለዋል፤ በላቲን ፊደል የተጻፈ እንደ ሆነማ አንዱ ፊደሉን ይደርባል፣ ሌላው ይነጥላል። የአያት ስም በአንዱ ወረቀት ኖሮ በሌላው ይቀራል። አሕመድ፣ ሰይድና መሐመድ እጅግ በበዙበት አገር የአንድ ሰው ሁለት ወረቀት የሁለት ሰዎች ሊመስል፣ የሁለት ሰዎችም ወረቀት የአንድ ሰው ሊመስል ይችላል። ደንቆሮ መርማሪ በፊደል ልዩነት ምክንያት እውነተኛውን ሰው ይመልሳል፤ ችኩል መርማሪ ደግሞ በስም መመሳሰል ምክንያት ሌላውን ሰው ያስገባል። አስተዋዩ የትውልድ ዘመኑን፣ ፎቶግራፉን፣ የኮሌጁን የመታወቂያ ቁጥርና የተመረቀበትን ዓመት ጐን ለጐን አድርጎ ያመሳክራል፤ የስሙ ልዩነት እውነተኛ የሆነ እንደ ሆነም አመልካቹ በሕጋዊ ማስረጃ እንዲያቃና ያደርጋል።

ሦስተኛው ጥያቄ ፈቃዱ ዛሬ የጸና ነው ወይ የሚል ነው። ዲፕሎማ አንድ ጊዜ ከተሰጠ አያረጅም፤ የሙያ ሥራ ፈቃድ ግን ጊዜ ተወስኖለት የሚታደስ ነው። ለማሳደስም ባለሙያው በሥራ ላይ ሳለ ትምህርቱን የቀጠለ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። በዚህ ላይ በብዙ ባዕድ አገር የማይገኝ አንድ ወጥመድ አለ፤ ይኸውም የዘመን አቆጣጠር ነው። በአንድ ወረቀት ላይ 2008 የሚል ቍጥር ብቻ ተጽፎ ቢገኝ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሆነ እንደ ሆነ በአውሮፓ 2015 ወይም 2016 ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር የሆነ እንደ ሆነ ግን በኢትዮጵያ 2000 ወይም 2001 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ያለፈበትን ፈቃድ የጸና፣ የጸናውንም ያለፈበት አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ጥሩ መርማሪ በእያንዳንዱ ቀን አጠገብ የዘመኑን ዐይነት በገዛ እጁ ሳይጽፍ አያልፍም።

አራተኛው ጥያቄ ፈቃዱ ሊሠራ ላሰበው ሥራ ይበቃል ወይ የሚል ነው። የነርስ ፈቃድ የነርስ ነው፤ የአዋላጅ የአዋላጅ ነው፤ የጤና መኮንን፣ የላቦራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያም እያንዳንዱ ወሰን አለው። ወረቀቱ እውነተኛ፣ ሰውዬውም ባለቤቱ፣ ቀኑም ያላለፈ ሆኖ ሳለ ባለሙያው ያልተማረውን ሥራ ሲሠራ ቢገኝ፣ ለታማሚው ከሐሰተኛው ሐኪም ብዙ አይለይም። በከተማ ሆስፒታል አንዱ ሌላውን ይቈጣጠራል። በሸለቆው ዳር ባለ አነስተኛ ክሊኒክ ግን ብቻውን የሚውል ባለሙያ ሁሉን እንዲሠራ የታማሚው ብዛት ይገፋፋዋል፤ ወሰኑን አስቀድሞ በጽሑፍ ማስታወቅ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

በሁለት ወገን የሚመጣ ጉዳት

ይህ ሥራ የሚበላሸው ያልተገባውን ሰው በማስገባት ብቻ አይደለም፤ የሚገባውንም ሰው ያለ ምክንያት በማቆየት ይበላሻል። ከኮሌጅ ወጥቶ ሥራ የተመደበ ወጣት መልስ ያልመጣለት ደብዳቤ ስላለ ብቻ ለወራት ያለ ደመወዝ ሊቀመጥ ይችላል። በዚያው ልክ አንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ አጥቶ ይከርማል፤ ምጥ የያዛት ሴት ግን የሬጅስትራሩን መልስ አትጠብቅም። ባለሙያ በብዛት በማይገኝበት ቆላ ውስጥ የአንድ ሰው መዘግየት የአንድ ቀበሌ እናቶች መጐዳት ነው።

እንግዲህ ጥብቅ መሆንና ፈጣን መሆን የሚጋጩ መስለው ይታያሉ። ሥራውን ያወቁ ሰዎች ግን አብዛኛው መዘግየት ከምርመራው ጥብቅነት የሚመጣ አለመሆኑን ይናገራሉ። የሚዘገየው ደብዳቤው በወቅቱ ሳይጻፍ ሲቀር፣ ከተጻፈም በኋላ መልሱ መጣ አልመጣ የሚከታተል ሳይኖር ሲቀር፣ ወይም የጐደለው ወረቀት ለአመልካቹ በአንድ ጊዜ ተዘርዝሮ ሳይነገረው ዛሬ አንዱ ነገ ሌላው እየተባለ ሲመላለስ ነው። ከደዌ ሐረዋ ወይም ከጅሌ ጥሙጋ ወደ ከሚሴ ለሚመላለስ ሰው አንድ ቀን ማለት የመኪና ዋጋና የጠፋ የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ የመርማሪው ዋነኛ መሣሪያ ማኅተም ሳይሆን የቀን መዝገብ ነው። ደብዳቤው በየትኛው ቀን እንደ ወጣ፣ መልሱ መቼ እንደሚጠበቅ፣ በቀጠሮው ካልመጣም ሁለተኛው ማስታወሻ መቼ እንደሚላክ የሚጽፍበት መዝገብ ነው። ዱቤውን በየቀኑ የሚያገላብጥ ነጋዴ ይህን ብልሃት ሳይነግሩት ያውቀዋል።

ሕጉ እንዴት መጣ

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሕክምና በጀመረበት ዘመንና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ከሐኪሞቹ የሚበዙት የውጭ አገር ሰዎች ስለ ነበሩ፣ የእያንዳንዱ ማስረጃ ከየአገሩ የመጣ ነበር። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ሲጀምር፣ የአገር ልጆች በየአውራጃው ተሠማሩ። የሙያው ዐይነት በበዛ ቍጥርም ማን ምን ሊሠራ ይገባዋል የሚለው ጥያቄ እየጐላ ሄደ።

በመድኃኒት ንግድ በኩል በ1956 ዓ.ም. የወጣው የፋርማሲ ደንብ ሥርዐት አበጀ፤ በ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 176 የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥርን አቋቋመ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 661 ምግብን፣ መድኃኒትን፣ የጤና ባለሙያንና የጤና ተቋምን በአንድ የቁጥጥር ሥርዐት ሥር ሰበሰበ፤ ክልሎችም በየክልላቸው የሚቈጣጠሩበትን ሥልጣን ለየ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 በወጣ ጊዜ ምግብና መድኃኒት ለባለሥልጣኑ ሲቀሩ፣ የባለሙያዎችና የጤና ተቋማት ቁጥጥር ወደ ጤና ሚኒስቴር ወገን ዞረ። ካለፉት አሥር ዓመታት ገደማ ወዲህም ከየኮሌጁ የሚወጡ የጤና ምሩቃን የአገር አቀፍ የፈቃድ ፈተና እንዲወስዱ ተደርጓል። ይህም የኮሌጆችና የምሩቃን ቍጥር ስለ በዛ ዲግሪውን ብቻ ማየት የማይበቃ ሆኖ በመገኘቱ ነው። ያለ ፈቃድ ማከም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግም የሚያስቀጣ ነው።

ነጋዴውን በቀጥታ የሚነካው ደግሞ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980 ነው። በዚህ ሥርዐት መሠረት የብቃት ማረጋገጫ በሚጠየቅበት የሥራ መስክ የንግድ ፈቃዱ የሚገኘው ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት የብቃት ማረጋገጫ ሲቀርብ ነው። መድኃኒት ቤትና ክሊኒክ ከእነዚህ የሥራ መስኮች ይቈጠራሉ። ስለዚህ የባለሙያው ፈቃድ የክሊኒኩ መሠረት፣ የክሊኒኩ ብቃት ማረጋገጫም የንግድ ፈቃዱ መሠረት ነው፤ የታችኛው ድንጋይ ሐሰት የሆነ እንደ ሆነ ከላዩ ያለው ሁሉ ይናዳል።

ከሌሎች አገሮች የተገኘ ትምህርት

ይህ ሥርዐት በማንም አገር በቀላል የተገኘ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የተማረውን ሐኪም ካልተማረው ለመለየት የሐኪሞች መዝገብ በሕግ የቆመው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1858 ነው። በአሜሪካ በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር የተባለ ሰው በአሜሪካና በካናዳ የነበሩ 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶችን መርምሮ ባወጣው ዘገባ ብዙዎቹ ስም እንጂ ትምህርት የሌላቸው መሆናቸውን ገለጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአሜሪካ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ኮሌጅ አንድ አነስተኛ መመዘኛ አወጣ፤ በሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም ሁሉ የተመረቀና በሕግ ፈቃድ ያለው ይሁን የሚለው ከመመዘኛው አንዱ ነበር። 100 አልጋና ከዚያ በላይ ያላቸው 692 ሆስፒታሎች በተመረመሩ ጊዜ መመዘኛውን ያሟሉት 89 ብቻ ሆኑ። ካላሟሉት መካከል ስመ ጥር የሆኑ ሆስፒታሎች ስለ ነበሩበት ዝርዝሩ ለጋዜጣ እንዳይደርስ ተብሎ በእሳት ተቃጠለ ይባላል።

በ1965 ደግሞ በኢሊኖይ ግዛት ከፍተኛው ፍርድ ቤት እግሩ ተሰብሮ በሆስፒታል በታከመ፣ በሕክምናውም ጉድለት እግሩን ባጣ አንድ ወጣት ጉዳይ ላይ ፍርድ ሰጠ። ሆስፒታሉ አልጋና ክፍል ያከራየ ብቻ ሳይሆን በውስጡ ለሚሰጠው ሕክምና ጥራት ራሱም ኃላፊ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ የሐኪሞችን ማስረጃ መመርመር ለሆስፒታል ባለቤቶች የመልካም ፈቃድ ነገር መሆኑ ቀርቶ የገንዘብ ጉዳይ ሆነ።

መርማሪው ሳይተጋ ሲቀር ምን እንደሚደርስ ለማወቅ የማይክል ስዋንጎ ታሪክ ይበቃል። ይህ አሜሪካዊ ሐኪም በ1985 የሥራ ባልደረቦቹን መርዝ በማብላት ተፈርዶበት የታሰረ ነበር። ከእስር ከወጣ በኋላ የፍርዱን ምክንያት ቀላል ጠብ አስመስሎ የሚያሳይ ሐሰተኛ ወረቀት አዘጋጅቶ በ1992 በደቡብ ዳኮታ፣ በ1993 በኒው ዮርክ በሚገኙ ሆስፒታሎች ተቀጠረ። ነገሩ በተገለጠበት ጊዜ አፍሪቃን መሸሸጊያ አደረገና በ1994 በዚምባብዌ ምኔኔ በሚባል የገጠር የሚሲዮን ሆስፒታል በሐሰት ማስረጃ ሥራ ያዘ፤ በዚያም ታማሚዎች በድንገት ሲሞቱ ተጠርጥሮ ተባረረ። በ1997 በቺካጎ ተይዞ፣ በ2000 በኒው ዮርክ ሆስፒታል ሦስት ታማሚዎችን መግደሉን አምኖ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ወረቀቱን የተቀበሉት ሰዎች የመጀመሪያውን የፍርድ መዝገብ ከፍርድ ቤቱ በቀጥታ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ከመጀመሪያው ደጃፍ ባላለፈ ነበር። ሐኪም የጐደለበት የገጠር ሆስፒታል የመጣለትን ባለሙያ በደስታ መቀበሉ የሚያስወቅስ ባይሆንም፣ አታላይ አስቀድሞ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ስፍራ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የምርመራው መንገድ ከኢትዮጵያም ወደ ውጭ ይሄዳል። በአሜሪካ ለመሥራት የሚፈልግ በውጭ አገር የተማረ ሐኪም በ1956 በተቋቋመው የውጭ ምሩቃን መርማሪ ኮሚሽን በኩል ዲፕሎማው ካስተማረው ኮሌጅ በቀጥታ ይረጋገጣል። ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሄድ ነርስም ዳታፍሎው በሚባል ድርጅት በኩል ይመረመራል። ያን ጊዜ መልስ የሚጠበቀው ከኢትዮጵያ ሬጅስትራር ነው። ከወሎ ወደ ዓረብ አገር የሄደ ልጅ የሚልከው ገንዘብ በከሚሴ ሱቆች ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ባለሱቁ ያውቀዋል። እንግዲህ በአንድ ኮሌጅ ጠረጴዛ ላይ መልስ ሳያገኝ የተቀመጠ ደብዳቤ በከሚሴ ገበያ ያልወጣ ገንዘብ ነው።

መዝገብ በጠፋ ጊዜ

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ደሴ፣ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ከሚሴ በደረሰ ጊዜ በወሎ የነበሩ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ የደሴው ታላቅ ሆስፒታል ሳይቀር ዕቃውን አጥቷል። አልጋና ማይክሮስኮፕ በገንዘብና በርዳታ ይተካሉ፤ የባለሙያ መዝገብ ግን ቅጂው በሌላ ስፍራ ከሌለ በገንዘብ አይተካም። የሃያ ዓመት የሥራ ልምድ ያለው ነርስ አቃፊው ከተቃጠለ ትላንት እንደ ተመረቀ ሰው ሊቈጠር ይችላል፤ ሐሰተኛውም «ወረቀቴ በጦርነቱ ጠፋ» ብሎ በዚያው በር ሊገባ ይሞክራል። ስለዚህ የማስረጃው አንድ ቅጂ በተቋሙ፣ አንዱ በዞኑ ወይም በክልሉ፣ አንዱም በባለሙያው እጅ መቀመጡ ለዕውነተኛው ባለሙያ ጠበቃ፣ ለሐሰተኛው መያዣ ነው። ነጋዴ የሒሳብ መዝገቡን ከሱቁ ውጭ በሌላ ቦታም እንደሚያኖር ሁሉ፣ ይህም የተለመደ ጥንቃቄ ሊሆን ይገባዋል።

ለነጋዴው የሚበጀው

በመድኃኒት ንግድ ለተሰማራ ወይም ሊሰማራ ላሰበ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ጥቂት ግን ከባድ ነው። ከሁሉ የሚከፋው በንግዱ ዓለም የፈቃድ ኪራይ የሚባለው ነገር ነው። ባለገንዘቡ ሱቁን ይከፍታል፤ ባለሙያው ወረቀቱን በወር ክፍያ ያከራየዋል፤ ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ሲውል ባለሙያው ግን በሌላ ስፍራ ይውላል፤ መድኃኒቱንም የሚሸጠው የስድስተኛ ክፍል ትምህርት ያለው ዘመድ ይሆናል። ይህ ወረቀት በአራቱ ጥያቄዎች ሁሉ ሲመረመር እውነተኛ ሆኖ ይገኛል፤ ጐደሎው ሰውየው ብቻ ነው። ስለዚህ መርማሪው ከጠረጴዛው ተነሥቶ በገበያ ቀን፣ ደንበኛ በበዛበት ሰዓት ደጃፍ ላይ ካልቆመ ይህን ማታለል አይደርስበትም። ባለገንዘቡ በወር ክፍያ ያተረፈ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የስሕተቱ ዕዳ፣ የሱቁ መታሸግና የክሱ መዘዝ በእርሱ ላይ ይወድቃል። «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» የተባለው በመድኃኒት ሚዛን ላይ ሲሆን ቀልድነቱ ይቀራል።

ክሊኒክ ወይም መድኃኒት ቤት የሚከፍት ሰው ባለሙያውን ከመቅጠሩ በፊት፣ ቤትም ተከራይቶ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ማስረጃው በሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲረጋገጥለት በጽሑፍ ይጠይቅ። ብዙዎች ቅደም ተከተሉን ገልብጠው አስቀድመው መደርደሪያ ያሠራሉ፤ ማቀዝቀዣ ይገዛሉ፤ ኪራይ ይከፍላሉ፤ ባለሙያውን ግን በመጨረሻ ይፈልጋሉ። ወረቀቱ ችግር ያለበት ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ገንዘቡ ሁሉ ታስሮ ይቀመጣል። የባለሙያው ፈቃድ የሚያልፍበትንም ቀን ከንግድ ፈቃዱ እድሳት ቀን ጋር በአንድ መዝገብ ላይ ይጻፈው፤ የባለሙያው ፈቃድ በመካከሉ ሲያልፍ የንግድ ፈቃዱ ብቻውን አያድነውምና።

አስመጪውና ጅምላ ነጋዴውም ከዚህ ነጻ አይደሉም። ለቸርቻሪ መድኃኒት ከማስረከባቸው በፊት የገዢውን የብቃት ማረጋገጫ ቅጂ በመዝገባቸው ማኖር፣ የሚያበቃበትንም ቀን መከታተል ሕጉንም የሚያከብር፣ ራሳቸውንም የሚጠብቅ ሥራ ነው። ወደ ባቲና ወደ ሰንበቴ ገበያ የሚወርድ አንድ ካርቶን የወባ መድኃኒት ከውጭ አገር ፋብሪካ እስከ ጅምላ መጋዘን ድረስ በየደጃፉ በሰነድ ሲጠበቅ መጥቶ፣ በመጨረሻው እርምጃ ስሙ ላልታወቀ ሰው እጅ የተሰጠ እንደ ሆነ ያ ሁሉ ጥበቃ ከንቱ ሆነ።

በሆስፒታሉና በጤና መምሪያው ጓዳ ተቀምጦ ደብዳቤ የሚጽፈው፣ ቀን የሚያመሳክረውና ስም የሚያስተካክለው ሠራተኛ ሥራው በአደባባይ አይታይም፤ የሠራው በደኅና ያለቀ እንደ ሆነ ምንም ነገር አይሰማምና። ነጋዴው ሊረዳው የሚችለው በአንድ ነገር ነው፤ «ወዳጄ ስለ ሆነ እለፈው» ብሎ አለመለመን፣ የሚጠየቀውንም ወረቀት በአንድ ጊዜ አሟልቶ ማቅረብ። በመጪው በጋ አርብቶ አደሩ ከብቱን ነድቶ ወደ ጨፋ ሣር በወጣ ጊዜ የታመመ ልጁን ይዞ ወደ መድኃኒት ቤቱ ይገባል፤ በግድግዳው ላይ ያለውንም ወረቀት ማንበብ ባይችል፣ ከመስኮቱ በስተኋላ የቆመው ሰው የወረቀቱ ባለቤት ሆኖ ሊጠብቀው ይገባል።